የመጨረሻው በር ጠባቂ

ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የምኖርባት ከተማ መሐል ሜዳ በጉም ተውጣ ጎረቤት ከጎረቤት በድምፅ ብቻ በሚተዋወቅበት ሰሞን፣ ስለ አንድ የድሮ ጌም ረጅም አስተያየት ጻፍኩ። ጌሙ የሮቦት ነው። ትከሻው እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ፣ አንድ ክንዱ መድፍ የሆነ ሮቦት ከተማ ለከተማ እየዞረ ሌሎች ሮቦቶችን ያፈርሳል። ስልኬ ላይ የድሮ ጌም ወዳጆች የሚሰባሰቡበት ግሩፕ አለ፤ አንዱ የዚህን ሮቦት ምስል ለጥፎ «የተጫወታችሁ አስተያየታችሁን ወዲህ በሉ» ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ አስተያየት ስጥ ተብዬ ዝም ያልኩበት ቀን የለም። ሚስቴ «አንተ እኮ ሳይጠይቁህም ትሰጣለህ» ትለኛለች።

የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ስለዚህ እንደ ሒሳብ መምህር ጻፍኩ። «በሒሳብ ስናየው የሮቦቱ ዝላይ ልክ አይደለም» አልኩ። «በሒሳብ ስናየው የጠላቶቹ ብዛት ከሚገባው በላይ ነው» አልኩ። መዝጊያው ላይ «መጨረሻውም በሒሳብ ስናየው አይረባም» ብዬ ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጠሁትና ራሴን እንደ ሊቅ ቆጥሬ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

ስመለስ አንድ ሰው ከሥሬ ጽፏል። ስሙን አላወጣም፣ ምስሉ የመኪና ጎማ ነው። «እኔ አምስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። ጥሩ ጌም ነው። መጨረሻውን ግን አላየሁትም፤ እኛ ጋ የመጨረሻው በር ዝግ ነበር። አበላሸህ ተብዬ ወጣሁ» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ለእኔ፦ «መምህር፣ እርስዎስ መጨረሻውን መቼ አዩት?»

በዚያ ግሩፕ ውስጥ ማንም ማንንም እርስዎ አይልም። መምህር መሆኔንም አልጻፍኩም። የሻዩን ብርጭቆ ቀስ ብዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ስልኬን አጠፋሁት፤ ስልኩ ከጠፋ ጥያቄውም የሚጠፋ መስሎኝ። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። እሱም አውቆኛል። ከዚህ አገር «በሒሳብ ስናየው» እያለ ሰው የሚያደርቅ ከእኔ በቀር ማን አለ!

ነገሩ የአሥራ ሁለት ዓመት ነገር ነው። ያን ጊዜ ገና ተመድቤ መምጣቴ ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ ሾፌር ባለ አንድ ክፍል ጌም ቤት ነበራቸው፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማሽን፣ ሳይቆራረጥ የሚሠራም አንድ ጌም ብቻ፣ ሮቦቱ። ቋሚ ደንበኞቹ አራት ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ተማሪ ባየኝ ቁጥር «ጋሼን ልጠይቅ ገብቼ ነው» እላለሁ። ሁለተኛው እዚያው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ፣ ጓሳ አጠገብ ተወልዶ ያደገ ልብስ ሰፊ ነው። ሦስተኛው ድቁናውን ትቶ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ሱቁን ከፈተ እንጂ ስብከቱን አልዘጋም። አራተኛው ደብረ ብርሃን የሚመላለሰው ሚኒባስ ረዳት ነው። ረዳቱ ጓደኛዬ ነበር። በተሳፈርኩ ቁጥር ጋቢና፣ ሾፌሩ ጎን፣ ቦታ ይዞ ይጠብቀኛል፤ እናቴ ከደብረ ብርሃን የምትልክልኝን ስንቅ አንድ ቀን እንኳ ሳይጎድል ያደርስልኛል።

ከመጫወታችን ይልቅ አስተያየታችን ይበዛ ነበር። ልብስ ሰፊው የሮቦቱን ካባ አይወደውም፤ «ትከሻው ላይ ስፌቱን ተመልከቱት፣ ይህን የሰፋ ሰው እጁ አይባረክ» ይላል። ባለ ሱቁ ጨዋታውን አቋርጦ ይሰብካል፦ «ነፍስ የለው፣ ንስሓ የለው፤ ይህን ሁሉ ገድሎ ወዴት ሊገባ ነው?» ጋሼ ሮቦቱ ምንም ባለመብላቱ ያዝናሉ፤ «ዓመቱን ሙሉ ጾም? ኧረ ተዉት ይረፍ» ይላሉ። ረዳቱ ደግሞ ሮቦቱ ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ መንሸራተቱ ያበሳጨዋል። «ረዳት ነው የሚያስፈልገው። ሮጦ ከጎማው ሥር ድንጋይ የሚወትፍለት፣ ታኮ የሚያደርግለት የለው፣ ምን ያድርግ!» እያለ ይቆረቆርለታል። የእኔን አስተያየት ታውቁታላችሁ።

ያን ሮቦት ስምንት ወር ገፋነው። የደረስንበትን የምታስቀምጥ አንዲት ትንሽ ካርድ ነበረች፤ የአራታችንም ድካም እሷ ላይ ነው። በመጨረሻ ትልቁ የብረት በር ደረስን፤ ከበሩ ወዲያ የመጨረሻው ጠላትና መጨረሻው ብቻ ነው የቀረው። ጭቅጭቅ ተነሣ። ማን ይግባ? ቀድሞ ያየ ሰው ወጥቶ ካወራው ለሌላው ምን ይቀርለታል?

መፍትሔውን ያመጣው ልብስ ሰፊው ነው። «እንደ ጓሳ ይዘጋ» አለ። ጓሳን የማታውቁ ካላችሁ፣ የጋራ ግጦሽና የቤት መክደኛ ሣር ያለበት ደጋ ነው፤ ሣሩ እንዲያገግም ዓመታት ይዘጋና፣ ይከፈት ሲባል ሁሉም ባንድ ቀን ይገባል። ከዚያ በፊት አንድ እቅፍ ያጨደ ጉዱ ነው። ሐሳቡ ሁላችንንም አስደሰተን። ባለ ሱቁ እጁን ዘርግቶ ባረከው። በሩ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ተዘጋ፤ ያን ቀን ሁላችንም ባንድ ላይ እንገባለን። የተዘጋ ነገር ጠባቂ ይፈልጋልና ጠባቂ ተመረጠ።

«መምህር ይሁን» አሉ ሁሉም። «የተማረ ነው፣ የሚታመን ነው።» እኔም ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኩ። ሥጋን ለጅብ አደራ እንዲህ ነው የሚሰጠው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ረዳቱን ከጌም ቤቱ ሲወጣ አገኘሁት፤ ተጫውቶ፣ በሩ ድረስ ሄዶ፣ እንደ ሕጉ ቆሞ ተመልሷል። «ነገ!» ብሎኝ እየሮጠ መኪናው ላይ ተንጠለጠለ። ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል፤ ለቅሶ አለባቸው። «መቼም አንተ አለህልኝ፣ እስክመለስ ጠብቅልኝ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝና ሄዱ።

ገና ጋሼ ከመንገዱ ሳይታጠፉ ጆይስቲኩ እጄ ላይ ነበር። ልመለከት ብቻ ነው አልኩ። ጠባቂ የሚጠብቀውን ነገር ማወቅ አለበት አልኩ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የተባለው ለእኔ ነው! በሩን ገባሁ። ሁለት ጊዜ ሞቼ በሦስተኛው አሸነፍኩ። መጨረሻውንም አየሁት። ምን እንደሆነ ለእናንተም አልነግራችሁም፤ ለምን እንደማልነግራችሁ በኋላ ትረዱኛላችሁ። ብቻ ሲያልቅ ዞር ብዬ «አያችሁ?» ልል ከኋላዬ ባዶ አግዳሚ ወንበር ነው ያለው።

ከዚያ ማሽኑ በእንግሊዝኛ አንድ ረጅም ጥያቄ ጠየቀኝ። እንግሊዝኛ እንደማውቅ ላልጠየቀኝ ሁሉ ስነግር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት አነበብኩና የቀረው ገባኝ ብዬ «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ። ለካ የተቀመጠውን አጥፍቼ ከመጀመሪያው ልጀምር ወይ ነው ያለኝ፤ ሮቦቱ ካባው ወልቆ፣ መድፉ ወልቆ፣ ከስምንት ወር በፊት የተነሣባት መንደር ውስጥ ባዶ እጁን ቆሞ አገኘሁት። ካርዷ ላይ ከእሱ በቀር ምንም የለም። ማሽኑን አጥፍቼ፣ ጆይስቲኩን እንደነበረ ጠቅልዬ፣ ጋሼ ሲመለሱ «ሰላም ነው፣ ማንም አልመጣም» አልኳቸው።

እሑድ ሁሉም ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። ባለ ሱቁ ቆሎ ይዞ፣ ልብስ ሰፊው ሥራ ፈትቶ፣ ረዳቱ ለሾፌሩ «ዛሬ ሌላ ሰው ፈልግ» ብሎ። ማሽኑ ተከፈተ። ሮቦቱ ባዶ እጁን ቆሟል። 

«አውጫጭኝ ይደረግ» አለ ባለ ሱቁ። ጥንት ሌባ ሲጠፋ አገሬው ተሰብስቦ፣ የሚያውቀውን ተናግሮ፣ ጥፋተኛው ሳይወጣ የማይበተንበት ሸንጎ ነው። ዳኛ ማን ይሁን? መቼም ጠባቂው! እኔ ራሴ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የራሴን ሌብነት መረመርኩ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባላል፤ እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ ምርመራዬን ቀጠልኩ። ጋሼ «ትናንት መምህርን ትቼው ነው የሄድኩት» ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ሁሉ የከፋውን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፦ «እኔ ስመጣ እሱ ገና መውጣቱ ነበር። ማሽኑም ትኩስ ነበር።»

ውሸት የለበትም እኮ! አንዲት ቃል ውሸት የለበትም።

ረዳቱ ቀና ብሎ አየኝ። «ማርያምን፣ አልነካሁም» አለ። ባለ ሱቁ አስማለው፤ ማለ። ማንም አላመነውም። እኔን ሲያየኝ ቆየና «መምህር፣ አንተ ታምነኛለህ?» አለኝ። እኔም «ማስረጃው ነው እንጂ እኔ ምን አለኝ» አልኩት። ከቆሎው ሳይቀምስ ተነሥቶ ወጣ።

ነገሩ በጌም ቢቀር ጥሩ ነበር። ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ የተወራ ነገር መናኸሪያ ይደርሳል። «ለጌም በማርያም ስም በሐሰት የማለ፣ በዕቃችን ምን ሊያደርግ ነው?» ማለት ጀመሩ፤ መልእክት የሚሰጠው ጠፋ። የረዳት ሀብቱ መታመኑ ነው። እኔም በተሳፈርኩ ቁጥር «መምህር፣ ከኋላ ቦታ አለልዎት» ይለኝ ጀመር። አንተ ይለኝ የነበረው ሰው እርስዎ አለኝ፣ ጋቢናውንም ለሌላ ሰጠ። ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ትቶ ዘመሮ የምትባል ትንሽ ከተማ ገባ ሲሉ ሰማሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመሄዱ ቀለለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት የጻፈልኝ እሱ ነው። ሦስት ቀን ስልኬን ስከፍትና ስዘጋ ከረምኩ። በአራተኛው ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። «ሂድ» ብቻ አለችኝ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። እኔም ከጓሮ ድንጋይ መረጥኩ፤ ጠፍጣፋ፣ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ፣ ኮት የማታቆሽሽ። አጠብኳት። ሚስቴ አየቻትና «በዚህች ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? ይህቺ እኮ ነጭ ሽንኩርትም አትፈጭም» አለች።

ዘመሮ መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል። ስደርስ አንድ የጭነት መኪና በክሪክ አንሥቶ ሥሩ ተንበርክኳል። ጠጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ድንጋዬን ከቦርሳ አወጣሁና ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ፤ ሰው እንዳያየኝ ግን በዓይኔ ግራ ቀኝ ማየቴን አልተውኩም። እሱ እጁን በጨርቅ ጠረገና ድንጋይዋን ከማጅራቴ አንሥቶ ከኋላ ጎማው ሥር ወተፋት። መኪናው ሸርተት አለ። ድንጋይዋ ተፈናጥራ ወጣች።

«አትይዝም» አለ።

«ያን ቀን በሩን የገባሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ካርዷንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንተ አልነካህም።»

«ይህን ለእኔ ምን ይነግሩኛል?» አለኝ። «እኔማ እንዳልነካሁ አውቃለሁ።»

  ተንተባተብኩ፤ አሥራ ሁለት ዓመት እንደጸጸተኝ፣ በስልክም መጨረሻውን ሊያይ እንደሚችል፣ ከፈለገ አሁኑኑ ላሳየው እንደምችል ቀባጠርኩ። ስልኬን ሳወጣ እጄን ያዘኝ። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ።

«እንዳይነግሩኝ! ስልክማ እኔም አለኝ፤ ሳልፈልግ ቀርቼ መሰለዎት? ዝግ ነዋ። ማን ከፈተው?»

ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩ። ጠባቂው እኔ ነበርኩ፤ የጠበቀው ግን እሱ ነው። ክሪኩን እያወረደ፣ «መሐል ሜዳ፣ ጋሼ ቤት፣ በነሱ ፊት» አለኝ። «ያን ጊዜ ደግሞ ደህና ድንጋይ ይያዙ።»

መስከረም ላይ አንድ እሑድ ደህና ድንጋይ ያዝኩ። ከወንዙ ጫፍ አንሥቼ በገበያው መሐል ተሸክሜ ሄድኩ፤ ኮቴ ትከሻው ላይ ተተረተረ፣ ላቤ ዓይኔ ገባ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ቤት እየሠሩ ነው?» ይላሉ። የጋሼ ጌም ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፣ ዛሬ ድንች ነው ያለበት። ጋሼ አርጅተው ዱላ ይዘዋል። ልብስ ሰፊውና ባለ ሱቁ መጥተዋል። ረዳቱም ከዘመሮ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ያኔ እሱ በማለበት ቦታ ቆሜ፣ ድንጋዩን እንደተሸከምኩ፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ሌባውም አንተ፣ ዳኛውም አንተ?» አለ ልብስ ሰፊው። ባለ ሱቁ ፊቱ ተለዋወጠ፤ «ይህን ሰው ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ በእውነት የማለውን ሐሰተኛ አልኩት» አለና ሄዶ የረዳቱን ጉልበት ሊይዝ ሲል ረዳቱ በቶሎ አነሣው። ጋሼ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ። «ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝና ፍርዱን እኔ ልስጥ። ማሽኗ ካልጋዬ ሥር አለች። እሑድ እሑድ ትጫወታላችሁ፣ ከመጀመሪያው። መምህር ቆሎ ያቀርባል፣ ጆይስቲክ አይነካም። በሩ የሚከፈት ቀን ደግሞ ውጭ ይቀመጣል። እሱ በልቷል።»

ድንቹን ወደ ጥግ ገፍተን ማሽኗን እዚያው አስቀመጥናት። ሠራች፤ ከጆይስቲኩ አንዱ ቁልፍ ተጣብቆ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አልነበራትም። ሮቦቱ ያስቀመጥኩት ቦታ ባዶ እጁን ቆሞ ጠበቀን። ያን ሁሉ እሑድ ቆሎ ስቆላ ከረምኩ፤ አስተያየቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ ይህም ፍርድ ነው። የረዳቱ ነገር መናኸሪያ ደረሰ፤ የወሬው መንገድ ያው የልብስ ሰፊው በረንዳ ነው። አንድ ቀን አንድ ሾፌር ዘመሮ ለዘመዱ የሚያደርስለት ዕቃ ለረዳቱ ሲሰጠው አየሁ። ረዳቱ ዕቃውን እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የሄደው።

ሮቦቱ የብረቱ በር ጋ ደረሰ፤ በሩ የሚከፈትበት ቀንም መጣ። ጋሼ «ተከፍቷል!» ብለው በዱላቸው መሬቱን መቱ፤ እኔ ቆሎውን አቀብዬ ወጣሁ። በመስከረም የተሸከምኩት ድንጋይ ካወረድኩበት ከደጃፉ አልተነሣም ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎች አለፉ። «ቲቸር፣ ምን እየጠበቁ ነው?» «በር» አልኳቸው። ከውስጥ የልብስ ሰፊው ጩኸት፣ የባለ ሱቁ «እግዚኦ!»፣ የጋሼ ሳል ይሰማል።  ቀጥሎ ሁሉም ባንድ ላይ ጮሁ፤ ሳቅ ይሁን እልልታ መለየት አልቻልኩም።

ረዳቱ ዓይኑን እየጠረገ ወጣና ከድንጋዩ ጫፍ ገፋ አድርጎኝ ተቀመጠ።

«እንዴት ነበር?» አልኩት፣ እንዳላየ ሰው።

«በሒሳብ ስናየው» አለ፣ «አይረባም።» ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እኛስ አብረን ጮህን» አለኝ። «አንተ ያኔ ከማን ጋር ጮህክ?»